ስሜን ሌላ ማን ያየዋል?

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አበው። ነርስ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን ተረት ለስንት ታማሚ እንደነገርኩ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ተረቱ እውነት ነው። አንድ ነገር ግን ሳይነግረን ያልፋል። በሽታችንን የምንናገረው ለማን ነው? ለሐኪም? ለጎረቤት? ለቀበሌ? ዛሬ ዛሬ ደግሞ አንድ ሌላ ተጨምሯል፤ ለስልክና ለታብሌት።

ነገሩን ያነሳሁት ሰሞኑን በእኛ ሰፈር መነጋገሪያ ስለሆነ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ድሮ ወረቀቶቿን በክንዷ ታቅፋ ነበር የምትመጣው። አሁን ታብሌት ይዛ መጣች። የቤተሰቡን ብዛት፣ የልጆቹን ክትባት፣ በቤቱ ውስጥ ሳል የቆየበት ሰው መኖር አለመኖሩን እየጠየቀች በጣቷ ትነካካለች። እሷ ከወጣች በኋላ ቡናው ላይ ክርክር ተነሳ።

በዕድሜ የሚበልጡኝ አንዲት እናት፣ «እኛ ልጅ እንኳ ሲቆጠር ደስ አይለንም፤ ይቺ ልጅ ጭራሽ መስታወት ላይ ጻፈችን» አሉ። የልጅ ልጃቸው ሳቀ። «እማማ፣ ስልክዎ የት እንደዋሉ፣ ከማን ጋር እንዳወሩ ያውቃል። ለአንድ ሳል ነው የሚጨነቁት?» አላቸው። ሦስተኛዋ ተናጋሪ የሁለት ልጆች እናት ናት። «እኔ ታብሌቱን አይደለም የምፈራው» አለች። «ዛሬ ለጤና ብለው የጻፉት ነገ ለምን እንደሚውል ማን ያውቃል?»

ሦስቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። የሦስተኛዋን ጥያቄ ግን በ38 ዓመት የሥራ ዘመኔ በልዩ ልዩ አንደበት ሰምቼዋለሁ። በብዕርና በመዝገብ ስንሠራም ሰው ይህንኑ ይጠይቀን ነበር። «ሲስተር፣ ስሜን ሌላ ማን ያየዋል?» ይላል። ስለዚህ «ሕዝባችን ቴክኖሎጂ ይፈራል» የሚሉ ሰዎች ሲገጥሙኝ አልስማማም። ሰው የሚፈራው ምስጢሩ የሚደርስበትን ቦታ ነው። ወረቀትም ሆነ ስልክ፣ ይህን ጥያቄ በግልጽ ከመለሰ ሰው እውነቱን ይነግረዋል። ካልመለሰ ግን መሣሪያው የቱንም ያህል ውድ ቢሆን የሚሰበስበው ውሸት ነው።

በሽታን ከቤት ቤት እየተከተሉ መያዝ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የእኔ ዕድሜ እኩዮች ታስታውሱ ይሆናል። ልጆች ሳለን ክፍላችን ድረስ የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። በእጃቸው ፎቶግራፍ ያለበት ካርድ ይይዛሉ፤ ፎቶግራፉ ፊቱና ገላው በፈንጣጣ የተወረረ ሕፃን ነው። «እንዲህ ያለ ልጅ በሰፈራችሁ አይታችኋል?» ብለው ይጠይቁናል። ገበያም ላይ ያንኑ ካርድ ያሳያሉ። የዚያ ዘመን ቴክኖሎጂ ያ ካርድ ነበር። ፊደል ያልቆጠረ እረኛም ቢሆን ሥዕሉን አይቶ «አዎ፣ እዚያ ማዶ አለ» ማለት ይችላል። ቡድኑ ወደተባለው ቦታ ሄዶ የታመመውን ይለያል፤ በዙሪያው ያሉትን ይከትባል።

አገሩን ሙሉ አንድ በአንድ መከተብ በማይቻልበት ተራራና በረሃ ፈንጣጣ የተሸነፈው በዚህ መንገድ ነው። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ታማሚ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ ነበር። በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ የተያዘው የመጨረሻው ሰው ደግሞ በጥቅምት 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ተገኘ። ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ጤና ጉባኤ ታወጀ። እንግዲህ ያ ሁሉ የሆነው «እዚያ ማዶ አለ» ብሎ የሚጠቁም ሰው ስለተገኘ ነው። ጠቋሚው ደግሞ የተናገረው በታመመው ልጅና በቤተሰቡ ላይ ክፉ እንደማይደርስ ስላመነ ነው። ካርዱ ብቻውን ማንንም አላገኘም።

እኔ በሥራ ላይ ሆኜ ይህ እምነት ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ ያየሁት በኤች አይ ቪ ጊዜ ነው። ወላጆች የሆናችሁ አብዛኞቻችሁ ያንን ዘመን ታውቁታላችሁ። ለምርመራ ሰው ከኮልፌ ተነስቶ አቃቂ ይሄድ ነበር፤ በሰፈሩ ጤና ጣቢያ የሚያውቀው ሰው እንዳያየው። እኛም ስም ሳንጽፍ በኮድ ቁጥር መመዝገብ ጀመርን። መዝገቡ በመሳቢያ ይቆለፋል፤ ቁልፉ ከነርሷ ኪስ አይወጣም። የሚገርመው ግን ስም ባይጻፍም በሩ ራሱ ይናገር ነበር። በአንዳንድ ጤና ጣቢያ የዚያ አገልግሎት ክፍል ለብቻው ነበር። እዚያ አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያለ መዝገብ ይታወቃል። አንዲት ወጣት ሴት ሁልጊዜ ከክትባት ክፍሉ ፊት ትቀመጥና ተራዋ ሲደርስ ብድግ ብላ በፍጥነት ትገባ ነበር። ልጅ የላትም፤ ግን የሰው ልጅ ታቅፋ ትጠብቃለች።

ከእሷ የተማርኩት ትልቅ ነገር ነው። ምስጢር የሚወጣው ከመዝገብ ብቻ አይደለም። ከወንበር አቀማመጥ፣ ከካርድ ቀለም፣ ከስም አጠራር ይወጣል። በኋላ ክፍሎቹ ከሌላው አገልግሎት ጋር ሲቀላቀሉ፣ በተለይ ደግሞ መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ መሰጠት ሲጀምር፣ ሰው እየወጣ መጣ። «ተመርመር» ማለት ብቻውን ያላመጣውን ሰው፣ መድኃኒት ማግኘቱና ምስጢሩ መጠበቁ አመጡት። ሰው ስለ ራሱ ሲነግረን በምላሹ የሚያገኘው ሕክምና ከሆነ ይነግረናል። የሚያገኘው መገለል ከሆነ ይደብቃል። ይህ ሕግ ለወረቀትም ለታብሌትም አንድ ነው።

ከዚያ ኮሮና መጣ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ሲነገር እኔ ለጡረታ ወራት ነበር የቀሩኝ። በየቦታው 8335 ይደወላል፤ ቤት ለቤት ሙቀት ይለካል። እኔና ጥቂት ባልደረቦቼ በሽታው ከተገኘበት ሰው ጋር ንክኪ የነበራቸውን ሰዎች በስልክ እየደወልን እንድንለይ ተመደብን። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ «ላለፉት ቀናት ከማን ጋር ነበሩ?» ብሎ መጠየቅና መጻፍ ነው። ግን የተሰጠን ስልክ ቁጥር ላይ ስንደውል ብዙ ጊዜ የሚያነሳው የማናውቀው ሰው ነው። አንዳንዱ ሆን ብሎ አንድ አሃዝ ቀይሮ ሰጥቷል። ሌላው «ብቻዬን ነው የምኖረው» ይላል።

አንድ ነጋዴ ትዝ ይለኛል። እሱም «ብቻዬን ነኝ» አለኝ። ከጀርባው ግን «ማነው የደወለው?» የሚል የአሮጊት ድምፅ ይሰማኛል። ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሲስተር፣ እናቴ ናቸው። ስኳር አለባቸው። ብነግርሽ ወስደው ከሰው ያለያዩብኛል። ሰፈሩም ይሸሸናል። ስማችንን ሌላ ማን ያየዋል?» አለኝ።

እዚህ ላይ «አይዞህ፣ ምስጢር ነው» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ሰው የሚያምነው የተወሰነ ነገር ሲነገረው ነው። እንዲህ አልኩት፦ «የምትነግረኝን እኔ እጽፈዋለሁ። የቡድን መሪዬና ሐኪሙ ያዩታል። ከዚያ በላይ ለሚመለከተው የጤና ቢሮ ይተላለፋል። ለጎረቤት፣ ለአከራይ፣ ለእድር አይነገርም። እናትህ ስኳር ስላለባቸው ቶሎ ብናውቅ ነው የሚሻለው፤ በሽታው በእሳቸው ላይ ይከፋል። አምቡላንሱ እንዳይጮህና ከመታጠፊያው ላይ እንዲቆም እጠይቃለሁ።» ትንሽ አሰበ። ከዚያ እናቱን ጨምሮ ዘጠኝ ሰዎችን አንድ በአንድ ነገረኝ፤ የሦስቱን ስልክ በቃሉ ያውቀው ነበር። እናቱ ተመርመሩ፤ ተገኘባቸው፤ ሳይብስባቸው ሕክምና አገኙ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ራሱ ደውሎ ቤት መግባታቸውን ነገረኝ።

ያን ቀን ከዘጠኙ ስም አንዱንም የሰጠኝ መሣሪያ አይደለም። ቴክኖሎጂው ስልክ ነበር፤ ሥራውን የሠራው ግን ለጥያቄው የተሰጠው ግልጽ መልስ ነው።

በዚያው ወር የሆነ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። በአንድ ሰፈር አምቡላንስ በር ላይ ቆሞ ነጭ ልብስ የለበሱ ባለሙያዎች አንዲት ተከራይ ይዘው ሲወጡ ከፎቅ ላይ የሆነ ሰው ፎቶ አነሳ። ፎቶው ከሰዓት በኋላ በቴሌግራም ሰፈሩን አዳረሰ። ሴትየዋ ድና ስትመለስ አከራይዋ ዕቃዋን አውጥቶ ጠበቃት። በሌላ ቤት ደግሞ ልጆቿ ለሳምንታት ከጓደኞቻቸው ጋር እንዳይጫወቱ ተከለከሉ። የሴትየዋን ስም ያወጣው የእኛ መዝገብ አልነበረም፤ የጎረቤት ስልክ ነው። ከዚያ በኋላ በዚያ መንደር ስንደውል የሚያነሳልን ሰው አነሰ። በሽታውን ለመከታተል መንግሥት የዘረጋውን መረብ ሁላችንም እንጠይቃለን፤ በኪሳችን ያለውን መረብ ግን እንረሳዋለን።

በሌሎች አገሮችም ክርክሩ ይኸው ነበር። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2015 ሜርስ የተባለው በሽታ ከጎዳት በኋላ ሕጓን አሻሽላ ነበር። በወረርሽኝ ጊዜ የታማሚውን የስልክ መገኛ፣ የባንክ ካርድ ክፍያና የመንገድ ካሜራ ምስል ማየት ተፈቀደ። በ2020 ኮሮና ሲገባ በፍጥነት ያዘችው፤ ብዙ አገሮችም አደነቋት። ግን ለሕዝቡ በስልክ የሚላከው መልእክት የታማሚውን ጾታ፣ ዕድሜና የዋለበትን ቦታ በሰዓት ዘርዝሮ ይገልጽ ነበር። ስም ባይጠራም ሰፈሩ ማን እንደሆነ ያውቃል። «እዚያ ሆቴል ከማን ጋር ገባ?» እየተባለ የሰው ትዳር ሳይቀር ሐሜት ላይ ወደቀ።

በግንቦት ወር በሴኡል የምሽት ክበቦች በሽታው ሲነሳ፣ እዚያ መታየታቸው እንዲታወቅ የማይፈልጉ ሰዎች ከምርመራ ሸሹ። ከተማዋ ምን አደረገች? ስም ሳይጠየቅ በስልክ ቁጥር ብቻ መመርመርን ፈቀደች። ተመርማሪው በዛ። ካሜራና የባንክ ካርድ መከታተል የምትችል ከተማ በመጨረሻ ሰዎቹን ያገኘችው ስማቸውን መጠየቅ ትታ ነው። እኛ በኤች አይ ቪ ጊዜ በኮድ ቁጥር የደረስንበት ቦታ መሆኑ ነው።

የሲንጋፖር ታሪክ ደግሞ ስለ ቃል ነው። መንግሥት በመጋቢት 2020 ትሬስቱጌዘር የተባለ የስልክ መተግበሪያ አወጣ። ሁለት ስልኮች ሲቀራረቡ በብሉቱዝ ይተዋወቃሉ፤ አንዱ ባለቤት ቢታመም ሌላው እንዲያውቅ ይደረጋል። ለሕዝቡ የተነገረው መረጃው ንክኪን ለመለየት ብቻ እንደሚውል ነበር። ከሕዝቡ እጅግ የሚበዛው ተመዘገበ። በጥር 2021 ግን ፖሊስም ለወንጀል ምርመራ መረጃውን ማግኘት እንደሚችል በፓርላማ ተነገረ። ሕዝቡ ተቆጣ። በቀጣዩ ወር ለተወሰኑ ከባድ ወንጀሎች ብቻ እንዲውል የሚያደርግ ሕግ ወጣ። ሕጉ ነገሩን በወሰን አስቀመጠው፤ የመጀመሪያው ቃል ግን ተሰብሯል። «ዛሬ ለጤና ብለው የጻፉት ነገ ለምን እንደሚውል ማን ያውቃል?» ያለችው የሰፈሬ እናት ሲንጋፖርን አታውቅም። ጥያቄዋ ግን ከባዶ የመጣ አለመሆኑን ይህ ታሪክ ያሳያል።

ጎግልና አፕል በተመሳሳይ ወቅት ሌላ ዘዴ ይዘው መጡ። ስልኮቹ ሲቀራረቡ የሚለዋወጡት ትርጉም የሌለው ቁጥር ነው። ቁጥሩ በየስልኩ ውስጥ ይቀመጣል። ስምም ቦታም አይመዘገብም። የታመመ ሰው ከፈቀደ ቁጥሮቹ ይለቀቃሉ፤ የሌላው ስልክ ከራሱ ጋር አመሳክሮ ባለቤቱን ያስጠነቅቃል። የቨርጂኒያ ግዛት ከአሜሪካ ግዛቶች ቀድማ በነሐሴ 2020 በዚህ ዘዴ የሚሠራ መተግበሪያ አወጣች። ልጄ እዚያ ስለምትኖር ስልኳ ላይ ጭናው ነበር። አንድም ቀን ድምፅ አላሰማም። «እማዬ፣ በሽተኛ ስላላገኘሁ ይሁን ሌሎቹ ስላልጫኑት አላውቅም» አለችኝ። ምስጢር ጠባቂ ነው፤ ግን ለነርስ ማንን ልደውል የሚያስብል ስም አይሰጥም፤ ብዙ ሰው ካልጫነውም አይሠራም። እንግዲህ ሁሉም ነገር ዋጋ አለው። ምስጢሩ ሲጠብቅ መረጃው ይቀንሳል፤ መረጃው ሲበዛ ምስጢሩ ይሳሳል። የትኛው ላይ እንደሚቆም መወሰን ያለበት ደግሞ መሣሪያውን የሠራው ኩባንያ ብቻ አይደለም፤ የሚመዘገበው ሰው ጭምር ነው።

በእስራኤል የሆነው ከእኛ ሰዎች ጋርም ይገናኛል። በመጋቢት 2020 የአገሪቱ የውስጥ ደኅንነት ተቋም የታማሚዎችን የስልክ መገኛ እንዲከታተል ተፈቀደለት። በሚያዝያ ወር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ይህ እንዲቀጥል ከተፈለገ ሕግ ይውጣለት» ብሎ ወሰነ። እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ግን ስለ ጤና መረጃ የቆየ ቁስል አላቸው። በጥር 1996 ቤተ እስራኤላውያን የለገሱት ደም ኤች አይ ቪ ይኖርበታል በሚል ስጋት በምስጢር ሲደፋ መቆየቱ በጋዜጣ ወጣ። ሰዎቹ ደማቸውን በቅንነት ሰጥተው ነበር፤ እየተጣለ መሆኑን የነገራቸው የለም። ሺዎች ኢየሩሳሌም ላይ አደባባይ ወጡ። አንድ ሕዝብ በጅምላ «በሽተኛ» ተብሎ በመዝገብ ሲፈረጅ ልብ እንዴት እንደሚሰበር ከዚህ በላይ ማሳያ አያስፈልግም። እንዲህ ያለፈበት ሰው «ስልክህን እንከታተል፣ ለጤናህ ነው» ሲባል ቢያመነታ አይፈረድበትም።

ይህን ሁሉ ስጽፍ አዲሱን መሣሪያ የምቃወም እንዳይመስልባችሁ። እኔ የወረቀቱን ዘመን አውቀዋለሁ። ገጠር በምሠራበት ጊዜ የሳምንቱ ሪፖርት በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ይላክ ነበር። ኩፍኝ አንድ ቀበሌ ውስጥ መግባቱን ወረዳው ሲሰማ በሽታው ሌላ ቀበሌ ደርሷል። ፖሊዮን ውሰዱ። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጁ ወይም እግሩ በድንገት ከዛለ ወዲያው መነገር አለበት። ሽባነቱ በጀመረ በ14 ቀን ውስጥ፣ በ24 ሰዓት ልዩነት፣ ሁለት ጊዜ የሰገራ ናሙና መወሰድ አለበትና። ቀኑ ካለፈ ቫይረሱን ማግኘት ይከብዳል። በዚህ ሥራ ላይ ስልክ የሚያተርፈው አንድ ሳምንት የልጆች እግር ነው። ለዚህ ነው የጤና ኤክስቴንሽኗ ታብሌት ሲሰጣት ደስ ያለኝ።

ስም ጨርሶ የማይጠይቅ ዘዴም አለ። የፍሳሽ ውኃን መመርመር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በለንደንና በኒውዮርክ የፖሊዮ ቫይረስ በፍሳሽ ውስጥ ተገኘ። ከዚያ ጤና ባለሙያዎች የሕፃናቱን ክትባት አጠናከሩ። ቧንቧው የማንን ቤት እንደሆነ አይናገርም፤ መንደሩን በሙሉ ያስጠነቅቃል እንጂ። ይህን ለቡናው ማኅበር ሳወራ እኚያ እናት፣ «እንዲህ ከሆነማ ይውሰዱት፤ ማን ከለከላቸው!» ብለው አሳቁን። ቀልድ ቢመስልም ቁምነገር አለው። ስም ሳይጻፍ የሚሆን ሥራ ካለ ስም አይጻፍ። ስም የግድ የሚያስፈልግበትም አለ። በኅዳር 2018 ዓ.ም. በጂንካ የማርበርግ በሽታ ሲገኝ፣ ከታማሚ ጋር የተነካካን ሰው ለ21 ቀን በየቀኑ እየጎበኙ ሙቀቱን መለካት ያስፈልግ ነበር። ያ ያለ ስም አይሆንም። ልዩነቱን ማወቅ ነው ብልኃቱ።

ሕግም አለን። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበር መብትን ይደነግጋል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል፤ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ያስገባዋል። ግን አዋጅ በወረቀት ላይ ነው። በር ላይ ሥራ ላይ የሚያውለው የሚጠይቅ ሰው ሲኖር ነው። እኛ ሽማግሌዎች ደግሞ መጠየቅ ነውር ይመስለናል፤ ነጭ ጋውን ወይም ባጅ ያደረገ ሰው ሲመጣ «እሺ» ማለት ለምዶብናል። ልጆቻችን በተቃራኒው ስልኩ የጠየቃቸውን ሁሉ ሳያነቡ «ፍቀድ» ይላሉ። ሁለቱም ያው ነው።

ስለዚህ በር ላይ ታብሌት የያዘ ሰው ሲመጣ፣ ወይም ልጃችሁ ስልካችሁ ላይ የጤና መተግበሪያ ሲጭንላችሁ፣ አራት ነገር ጠይቁ። ይህ መረጃ ለምንድን ነው? ስሜ የግድ ያስፈልጋል? ከእርስዎ ሌላ ማን ያየዋል? እስከ መቼ ይቀመጣል? አራቱን መመለስ የቻለ ባለሙያ ጥያቄያችሁን እንደ ስድብ አይቆጥረውም። እኔ በሥራ ላይ ሳለሁ እንዲህ የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ ደስ ይለኝ ነበር፤ የሚጠይቅ ሰው ሊነግረኝ የተዘጋጀ ሰው ነውና። የማይመልስ ከሆነ ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያው ሄዳችሁ ኃላፊውን ጠይቁ። ልጅቷን ግን አትገላምጧት። እሷ ፀሐይ እየመታት ቤት ለቤት የምትዞር ሠራተኛ እንጂ ሕጉን ያወጣች አይደለችም።

ከእኛም የሚጠበቅ አለ። አምቡላንስ ጎረቤት በር ላይ ሲቆም የልጆቻችሁን ስልክ ከእጃቸው አስቀምጡ። «እገሌ እኮ እንዲህ ሆነ» የሚል መልእክት ቢደርሳችሁ ወደ ሌላው አታስተላልፉ። ለልጅ ልጆቻችሁም ይህን እንደ ተረት ሳይሆን እንደ ሥርዓት አስተምሩ። የታመመ ሰው ምስጢሩ የራሱ ነው። ሰፈሩ ምስጢር ጠባቂ ከሆነ ታማሚው ቶሎ ይወጣል፤ ታማሚው ቶሎ ከወጣ ደግሞ የሁላችንም ልጆች ይተርፋሉ።

ጠይቃችሁ መልሱ ካጠገባችሁ ግን ሁለተኛውን ነገር አድርጉ። እውነቱን ንገሯት። ሳል የቆየበት ሰው ካለ አለ በሏት። ክትባቱን ያቋረጠ ሕፃን ካለ አትደብቁ። ስልክ ቁጥራችሁን ስትሰጡ ትክክለኛውን ስጡ። በታብሌቱ ላይ የሰፈረው ውሸት ከሆነ፣ በሽታው የሚቀጥለውን በር ሲያንኳኳ ቀድሞ የሚነግረን አይኖርም።